በሕግና በሕሊና መካከል፤ የአይሁድ ሊቃውንት ስለ ፅንስ የተከራከሩት ክርክር

እኛ ተማሪዎች ስንከራከር አንዲት ቃል እንወዳለን፤ ይህችውም «አበቃ» የምትባለዋ ናት። አንዱ «ሕጉ ፈቅዷል፤ አበቃ» ይላል። ሌላው «ሃይማኖት ከልክሏል፤ አበቃ» ይላል። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ፊታቸውን አዙረው ይቀመጣሉ እንጂ አንዱ የሌላውን ነገር ለመመርመር አይደክምም። በተለይም ስለ ፅንስ ማስወረድ የተነሣ እንደሆነ ክርክሩ ገና ሳይጀመር ያልቃል። በበኩሌ ይህች «አበቃ» የምትባል ቃል ብዙ ጊዜ ከማሰብ ለማምለጥ የምንጠቀምባት ትመስለኛለች። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ፣ በዚሁ ጉዳይ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል የተከራከሩ፣ ነገር ግን «አበቃ» ለማለት ያልቸኰሉ ሊቃውንት ምን እንዳሉ ለወንድሞቼና ለእኅቶቼ ላካፍል አስቤአለሁ።

የሕግ ተማሪ ነኝ። የአይሁድን ሃይማኖታዊ ሕግ፣ እነርሱ ሐላካ የሚሉትን፣ ማንበብ የጀመርኩት ለፈተና ሳይሆን አንድ ጥያቄ ስላስጨነቀኝ ነው። ጥያቄውም ይህ ነው፦ አንድ ነገር በሕግ ነፍስ መግደል አይደለም ከተባለ በሕሊናም ፊት ንጹሕ ነው ማለት ነውን? ወይም ደግሞ አንድ ነገር በሕሊና ላይ ከባድ ሸክም ከሆነ ሕግ እንደ ነፍስ ግድያ ሊቈጥረው ይገባልን? ብዙዎቻችን ለሁለቱም ጥያቄ «አዎን» ብለን እንደምንመልስ አስተውያለሁ። ሐላካ ግን ለሁለቱም «አይደለም» ይላል። ይህን ማየት ለኔ ታላቅ ትምህርት ሆኖኛል።

ነገሩ የሚጀምረው ከኦሪት ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 እንደተጻፈው፣ ሰዎች ሲጣሉ አንዲት እርጉዝ ሴት ተመትታ ፅንሷ ቢወጣ፣ ሌላ ጉዳት ግን ባይደርስ፣ መቺው ባሏ በጠየቀው መጠን በዳኞች ፊት ካሣ ይከፍላል፤ ጉዳት ከደረሰ ግን ነፍስ በነፍስ ይሆናል። ይህ የዕብራይስጡ ንባብ ነው። የአይሁድ ሊቃውንት «ጉዳት» የተባለው የእናቲቱ ነው ብለው ተረዱት። ለፅንሱ ገንዘብ፣ ለእናቲቱ ግን ነፍስ የሚከፈል ከሆነ፣ ሁለቱ በሕግ ሚዛን ላይ እኩል አይደሉም ማለት ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት ኦሪት ወደ ግሪክ ቋንቋ በተተረጐመ ጊዜ ግን ይኸው ቦታ ሌላ መልክ ያዘ። የግሪኩ ንባብ ልዩነቱን ያደረገው በእናቲቱ መጐዳትና አለመጐዳት ሳይሆን በፅንሱ መልክ መያዝና አለመያዝ ላይ ነው፤ መልክ ያልያዘ እንደሆነ ካሣ፣ መልክ የያዘ እንደሆነ ነፍስ በነፍስ ይላል። ከጥንት የክርስቲያን ሊቃውንት መካከል ብዙዎቹ ነገሩን ያዩት በዚህ በግሪኩ መስኮት ነው፤ የኛም የግዕዝ ኦሪት ከግሪክ የተመለሰ መሆኑን ልብ ይሏል። እንግዲህ ከአንዲት ዓረፍተ ነገር ሁለት መንገዶች ወጡ ማለት ነው። ዛሬ በዓለም ላይ የምንሰማው ብዙው ጩኸት መነሻው ከዚህች መገንጠያ ብዙም አይርቅም።

ወደ ረቢዎቹ እንመለስ። ሚሽና የሚባለው የቃል ሕግ ስብስብ እ.ኤ.አ. በ200 ዓ.ም. ገደማ ተጠናቀረ። በውስጡ «ኦሆሎት» በሚባለው ክፍል በምዕራፍ 7 ላይ አንድ አስጨናቂ ነገር ተጽፏል። አንዲት ሴት ምጥ ጸንቶባት ልትሞት በደረሰች ጊዜ፣ በማሕፀኗ ያለውን ፅንስ ቈራርጦም ቢሆን ማውጣት ይገባል፤ የእርሷ ሕይወት ከእርሱ ሕይወት ይቀድማልና። የሕፃኑ አብዛኛው አካል ከወጣ በኋላ ግን አይነካም፤ ስለ አንዱ ነፍስ ሌላው ነፍስ አይገፋምና። ቃሉን አለሳልሰው አልጻፉትም። ከሁለቱ አንዱ ብቻ የሚተርፍበት ሌሊት ነበር። ሕጉም የተጻፈው ለዚያ ሌሊት ነው።

ከ1105 ዓ.ም. በፊት በፈረንሳይ አገር የኖሩት ታላቁ ተርጓሚ ራሺ የታልሙዱን ክርክር ሲያብራሩ፣ ፅንሱ ወደ ዓለም አየር እስካልወጣ ድረስ «ኔፌሽ» አይባልም፤ ስለዚህ እናቲቱን ለማዳን እርሱን ማጥፋት ይቻላል አሉ። ኔፌሽ የኛው ነፍስ ነው፤ ዕብራይስጥና ግዕዝ ወንድማማቾች እንደመሆናቸው ቃሉ አንድ ነው። እዚህ ላይ አንድ አማርኛ ተናጋሪ ሳይደነግጥ አያልፍም። እኛ እርጉዝዋን ሴት የምንጠራት «ነፍሰ ጡር» ብለን ነውና! በኛ አፍ፣ በሆዷ ያለው ከመወለዱ በፊት ነፍስ ተብሎ ተጠርቷል። በራሺ የሕግ ቋንቋ ግን ኔፌሽ የሚባለው ሲወለድ ነው። ይህን ባነበብኩ ጊዜ፣ አንድ ቃል በሕግ መጽሐፍ ውስጥ የሚሠራው ሥራና በሰው አፍ የሚሠራው ሥራ የተለያየ መሆኑ በግልጽ ታየኝ። ሕግ «ነፍስ» ሲል፣ ያጠፋው ሰው እንደ ነፍሰ ገዳይ ይጠየቃልን ማለቱ ነው። እናቶቻችን «ነፍሰ ጡር» ሲሉ ግን፣ ይህች ሴት የተሸከመችው ተራ ነገር አይደለምና ተጠንቀቁላት ማለታቸው ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ግን ሌላውን አይተካም።

ራሺ ከሞቱ ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ፣ በ1204 ዓ.ም. በግብፅ ያረፉት ሐኪሙና ፈላስፋው ሙሴ ማይሞኒደስ ለዚሁ ሕግ ሌላ ምክንያት ሰጡት። እሳቸው እንዳሉት ፅንሱን ማጥፋት የተፈቀደው እናቲቱን ሊገድላት እንደሚያሳድዳት ሰው ስለሆነ ነው። አሳዳጅን አስቁሞ ተሳዳጅን ማዳን በሐላካ ግዴታ ነው። ውጤቱ አንድ ቢመስልም ልዩነቱ ሰፊ ነው። በራሺ ምክንያት ብንሄድ ፅንሱ ገና ኔፌሽ ስላልሆነ ከሞት ባነሰም ችግር ፈቃድ ሊገኝ ይችላል። በማይሞኒደስ ምክንያት ብንሄድ ግን የሚፈቀደው እናቲቱን በእርግጥ የሚያሳድዳት ሲሆን ብቻ ነው፤ ካላሳደዳት አይነካም። የኋለኞቹ ረቢዎች ሁሉ በእነዚህ ሁለት ታላላቅ ሰዎች መካከል ቆመው ሲከራከሩ ኖረዋል።

ደግሞም የራሳችንን ቋንቋ እናስተውል። ሴት በሰላም ስትወልድ «ተገላገለች» እንላለን። የሚገላገሉ ግን የተጣሉ ናቸው፤ ሁለት ሰዎች ሲደባደቡ መካከል ገብቶ የሚለያያቸው ገላጋይ ይባላል። ከወለደችም በኋላ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላታለን። ማይሞኒደስን ያላነበቡት እናቶቻችን፣ ልደት እናትና ልጅ በአንድ በር የሚተናነቁበት ሰዓት መሆኑን አውቀው በቋንቋችን አስቀምጠውልናል። እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚባለውም ለእናቲቱ ነው፤ የመጀመሪያው ደስታ የእርሷ መትረፍ ነውና።

እስከዚህ ያነበበ ሰው «እንግዲያውስ ለአይሁድ ፅንስ ማስወረድ የተፈቀደ ነው» ሊል ይችላል። ነገር ግን አይደለም። በታልሙድ «ሳንሄድሪን» በሚባለው ክፍል፣ ረቢ እስማኤል የኖኅ ልጆች፣ ይኸውም የሰው ዘር ሁሉ፣ ፅንስ ቢያጠፉ በሞት እንደሚጠየቁ ይናገራሉ። ማስረጃቸው በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 9 የሰውን ደም ስለማፍሰስ የተነገረው ነው። ከዚያ በኋላ የተነሡት የመካከለኛው ዘመን ተንታኞች፣ ለሌላው የተከለከለ ነገር ለእስራኤል የተፈቀደ ሊሆን አይችልም ብለው ደመደሙ። ስለዚህ እስራኤላዊ ፅንስ ቢያጠፋ በሰው ዳኛ ፊት እንደ ነፍሰ ገዳይ አይቀጣም፤ ነገር ግን የተከለከለ ነገር አድርጓል።

ከዚህም በላይ፣ ፅንስን ለማዳን ሰንበትን መሻር ይገባል የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ኔፌሽ ካልሆነ ሰንበት ለምን ይሻርለታል? መልሳቸው፣ ይህ ፅንስ ተወልዶ ብዙ ሰንበቶችን ያከብር ዘንድ አንድ ሰንበት ይሻርለታል የሚል ነው። በሌላ ወገን ደግሞ ታልሙድ እስከ 40 ቀን ድረስ ያለውን ፅንስ እንደ ውኃ ይቈጥረዋል። ወንድ ልጅን በ40፣ ሴት ልጅን በ80 ቀን ክርስትና ለምናነሣ ሰዎች ይህች 40 ቁጥር እንግዳ አትሆንብንም። እንግዲህ ሁሉንም አንድ ላይ ብናየው ሥዕሉ እንዲህ ነው፦ ነፍስ መግደል አይደለም፤ ነገር ግን አልተፈቀደም፤ ነገር ግን ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በዚህ መካከል ሰፊ ሜዳ ይታያል። የጽሑፌም ፍሬ ነገር ያለው በዚያ ሜዳ ላይ ነው።

በዚያ ሜዳ ላይ የሚገዛው ማን ነው? ሕግ ነውን ወይስ ሕሊና? ይህ ጥያቄ ለረቢዎቹ አዲስ አይደለም። በታልሙድ «ባባ መጺያ» በሚባለው ክፍል ረቢ ዮሐናን ስለ ኢየሩሳሌም ጥፋት አንድ አስገራሚ ነገር ይናገራሉ። ከተማይቱ የጠፋችው ሰዎቿ በኦሪት ሕግ ብቻ ስለፈረዱና ከሕጉ መስመር አልፈው ስላልሄዱ ነው ይላሉ። አንባቢ ሆይ፣ ሕግ በመጣስ ሳይሆን ሕግን ብቻ በመጠበቅ ከተማ ጠፋች መባሉን ልብ በል! በ13ኛው ክፍለ ዘመን በእስጳንያ የኖሩት ናሕማኒደስም፣ ሰው ከተከለከለው አንዱንም ሳይነካ፣ ኦሪት በፈቀደችው ውስጥ ብቻ እየተመላለሰ ባለጌ ሊሆን ይችላል ብለው ጽፈዋል። «ቅዱሳን ሁኑ» የሚለው ትእዛዝ የተጨመረው ለዚህ ነው ባይ ናቸው። በ20ኛው ክፍለ ዘመንም ረቢ አሮን ሊክተንስታይን፣ የአይሁድ ትውፊት ከሐላካ ውጭ የሆነ ግብረ ገብ ያውቃልን በሚል ጥያቄ ላይ ስመ ጥር የሆነ ድርሰት በ1975 አሳትመው ነበር።

ይሁን እንጂ ነገሩን በሐሳብ ብቻ ከተመለከትነው ይደርቅብናል። የሐላካ ሕይወት ያለው በጥያቄና መልስ መጻሕፍት ውስጥ ነው። አንድ ሰው የደረሰበትን ጽፎ ይጠይቃል፤ ረቢው ማስረጃ ጠቅሰው በጽሑፍ ይመልሳሉ። ከእነዚህ ጥቂቶቹን ላንሣ።

በ1699 በታተመው የረቢ ያኢር ባኽራኽ መጽሐፍ ውስጥ፣ ባል ያላት ሴት ከሌላ ሰው ፀንሳ ከተጸጸተች በኋላ ፅንሱን የሚያስወርድ መድኃኒት ልትወስድ ትችል እንደሆነ ተጠይቆ እናገኛለን። ረቢው ማስረጃውን ሁሉ ዘርዝረው፣ በሕጉ በኩል ለመፍቀድ መንገድ እንዳለ ካሳዩ በኋላ፣ ልቅነት እንዳይስፋፋ ሕዝቡ የያዘውን አጥር ማፍረስ አይገባም ብለው ከለከሉ። እንግዲህ እዚህ የከለከለው ሕጉ ራሱ ሳይሆን ለኅብረተሰቡ ግብረ ገብ የታሰበው ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተነሡት ረቢ ያዕቆብ ኤምደን ግን ተመሳሳይ ጥያቄ ቀርቦላቸው ፈቀዱ። ከዚያም አልፈው፣ በሕጋዊ ጋብቻ የተፀነሰ ፅንስ እንኳ ቢሆን፣ እናቲቱ ለሞት ባትደርስም ከከባድ ሥቃይ ለማዳን ፈቃድ ሊኖር ይችላል አሉ። እዚህም ሕሊና ሠርቷል፤ ነገር ግን የሠራው በተቃራኒው በኩል ነው። አንደኛው ያዩት አጥሩን ነው፤ ሌላው ያዩት የሴቲቱን ሥቃይ ነው።

እስከ 1953 የእስራኤል የስፋራድ ወገን አይሁድ ዋና ረቢ የነበሩት ቤን ጽዮን ኡዚኤል ደግሞ እንዲህ ያለ ጥያቄ ደረሳቸው። አንዲት ሴት የጆሮ ሕመም አለባት፤ ሐኪሞች እርግዝናው ከቀጠለ ሁለቱም ጆሮዎቿ ፈጽመው ይደነቍራሉ ብለዋል። ለሞት አያደርሳትም። እሳቸውም ፈቀዱ። ዕድሜ ልክን በዝምታ ውስጥ መኖር በሚዛኑ ላይ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ቈጠሩ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚሰብረው በሊቱዌንያ በኮቭኖ ከተማ የሆነው ነው። ናዚዎች በ1942 በከተማይቱ በታጐሩት አይሁድ ላይ፣ ፀንሳ የተገኘች ሴት ሁሉ እንድትገደል አዘዙ። በዚያ የነበሩት ወጣቱ ረቢ ኤፍሬም ኦሽሪ ተጠየቁ። እናቲቱም ፅንሱም አብረው የሚጠፉ ከሆነ እናቲቱን ለማዳን ይፈቀዳል ብለው መለሱ። ከጦርነቱ ተርፈው ኒው ዮርክ ከገቡ በኋላ በዚያ መከራ ዘመን የተጠየቁትንና የመለሱትን ከ1959 ጀምሮ አሳተሙት። እኔን የሚያስደንቀኝ የመልሱ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ሞት ደጃፍ ላይ በቆመበት ሰዓት እንኳ ሰዎቹ መጠየቃቸው ነው። «ከእንግዲህ ምን ቀረ፣ የፈለግነውን እናድርግ» አላሉም። ሕግን የጠየቁት እንደ ሰው ለመኖር እንጂ ከቅጣት ለመዳን አልነበረም።

አሁን ደግሞ ሕግና ሕሊና ፊት ለፊት ወደ ተፋጠጡበት ክርክር እንሂድ። ቴይ ሳክስ የሚባል በዘር የሚተላለፍ በሽታ አለ። ከምሥራቅ አውሮፓ በመጡ አይሁድ ዘንድ ከሌላው ሕዝብ ይበልጥ የሚገኝ ሲሆን፣ ሕፃኑ ጥቂት ወራት በደኅና ካደገ በኋላ ማየትና መንቀሳቀስ እያቃተው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሞታል፤ የሚያድን መድኃኒት የለውም። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በሽታውን ፅንሱ በማሕፀን ሳለ ማወቅ ተቻለ። በኢየሩሳሌም የሻዓሬ ጼዴቅ ሆስፒታል ረቢ የነበሩት ኤሊዔዘር ዋልደንበርግ በ1975፣ የእናቲቱንና የቤተ ሰቡን ሥቃይ፣ የሚወለደውንም ሕፃን መከራ አመዛዝነው እስከ ሰባተኛው ወር ድረስ ማቋረጥ ይቻላል ብለው ጻፉ። በኒው ዮርክ የነበሩት ረቢ ሞሼ ፋይንሽታይን ደግሞ በ1976 ነገሩን አጥብቀው ተቃወሙ። የማይሞኒደስን መንገድ ይዘው፣ እናቲቱ በእርግጥ ለሞት ካልተቃረበች በቀር ይህ ነፍስ ከመግደል ወገን ነው አሉ። ዋልደንበርግም ዝም አላሉም፤ መልስ ጻፉላቸው።

እነዚህ ሁለት ሽማግሌዎች ያነበቡት መጽሐፍ አንድ ነው፤ የሚጸልዩትም ጸሎት አንድ ነው። አንደኛው ለዘመናዊነት ያደሩ፣ ሌላው ለሕግ የታመኑ አልነበሩም፤ ሁለቱም በሕጉ አጥባቂነት የተመሰከረላቸው ናቸው። እንግዲያስ ልዩነቱ ከየት መጣ? እንደሚመስለኝ፣ በዚያ በሰፊው ሜዳ ላይ ሲቆሙ አንደኛው የፈሩት ደካማው ፅንስ ጠበቃ አጥቶ እንዳይቀር ነው፤ ሌላው የፈሩት ደግሞ ደካማዋ እናት ጠበቃ አጥታ እንዳትቀር ነው። ሁለቱም ፍርሃት የተቀደሰ ፍርሃት ነው። ሕሊና ከሕግ ውጭ ቆሞ የሚጮኽ እንግዳ ሳይሆን፣ ሕጉን በሚያነበው ሰው ዓይን ውስጥ ያለ ብርሃን መሆኑን ከዚህ ተረዳሁ።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው «ሕሊና በሕግ ውስጥ ገብቶ እንዲህ የሚሠራ ከሆነ፣ ሕግ እንደ ጐማ የሚለጠጥ መሆኑ አይደለምን?» የሚል ነው። አይመስለኝም። ዋልደንበርግ የፈለጉትን ለመፍቀድ አልቻሉም፤ ራሺንና ኤምደንን ይዘው፣ ለእያንዳንዱ እርምጃ ማስረጃ መስጠት ነበረባቸው። ባኽራኽም የሚከለክለው ግልጽ ሕግ እንደሌለ እያወቁ ሕጉን አጣምመው አላነበቡም፤ ሕጉ ይህን ይላል፣ እኔ ግን በዚህ ምክንያት እከለክላለሁ ብለው ምክንያታቸውን ለይተው አኖሩ። ይህ ታላቅ ሐቀኝነት ነው። እኛ ስንከራከር የሕሊናችንን ፍርሃት በሕግ ስም፣ የፍላጎታችንንም ነገር በመብት ስም እንሸፍነዋለን።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ያለ ነው፤ እኔም ሙሉ መልስ የለኝም። በእነዚህ ሁሉ መጻሕፍት ውስጥ የጠየቀችው ወይም የተጠየቀላት ሴት ናት፤ የመለሱት ግን ሁሉም ወንዶች ናቸው። ምጡ የእርሷ፣ ጆሮዋ የእርሷ፣ ሐፍረቱም የእርሷ ሆኖ ሳለ ሚዛኑን የያዙት ሌሎች ናቸው። እርግጥ ኤምደንም ኡዚኤልም የሴቲቱን ሥቃይ ሰምተዋል፤ ሆኖም መስማትና መሸከም አንድ አይደለም። ሕሊና በሕግ ውስጥ የሚገባው በሚያነበው ሰው ዓይን ከሆነ፣ ከአንባቢዎቹ መካከል የሸከመችው ራሷ መታጣቷ ሕጉን ያጐድለዋል እንጂ አያጠነክረውም።

የመንግሥትም ሕግ ከዚህ ክርክር አላመለጠም። የእስራኤል ምክር ቤት በ1977 ባወጣው ሕግ መሠረት እርግዝናን ለማቋረጥ የሁለት ሐኪሞችና የአንድ የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኛ ኮሚቴ ፈቃድ ያስፈልጋል። የሚፈቀደውም ስለ ሴቲቱ ዕድሜ፣ ፅንሱ የተገኘው በአስገድዶ መድፈር ወይም ከጋብቻ ውጭ ስለመሆኑ፣ ስለ ፅንሱ ጤንነት፣ እንዲሁም ስለ እናቲቱ ሕይወትና ጤና ታይቶ ነው። በመጀመሪያ የኑሮ ችግርም ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ግን በሃይማኖት ፓርቲዎች ግፊት ተሰረዘ። በ2022 በተደረገው ማሻሻያ ደግሞ ሴቲቱ በኮሚቴው ፊት በአካል እንድትቆም ማስገደዱ ቀርቷል። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1973ቱን ውሳኔ ከመሻሩ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በፍሎሪዳ አንድ የአይሁድ ምኵራብ በግዛቲቱ ሕግ ላይ ክስ አቀረበ። ክሱም፣ ሃይማኖታችን የእናቲቱን ጤና ለመጠበቅ ሲያዝዘን የግዛቲቱ ሕግ ይከለክለናል የሚል ነበር። ሃይማኖት ሁልጊዜ የሚከለክል፣ ዓለማዊ ሕግ ሁልጊዜ የሚፈቅድ ለሚመስላቸው ይህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው።

ይህ ነገር ከአገራችንም ልጆች ይደርሳል። ቤተ እስራኤል በጎንደርና በአካባቢው በኖሩበት ዘመን የሚመሩት በግዕዙ ኦሪትና በቄሶቻቸው ነበር፤ ሚሽናና ታልሙድ አልነበራቸውም። ሴቲቱም ስትወልድ በአራስ ጎጆ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ትቀመጥ ነበር። በ1984 እና በ1991 በተደረጉት ታላላቅ ጉዞዎች ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ከገቡ በኋላ ግን፣ ራሺና ማይሞኒደስ የተከራከሩበትን ሕግ ከሚከተለው ከዋናው ረቢዎች ጉባኤ ሥር ሆኑ። ከአንዲት ኦሪት የወጡት ሁለቱ መንገዶች በእነርሱ ሕይወት እንደገና ተገናኙ ማለት ይቻላል።

ስለ ራሴም አንድ ነገር ልናገር። አያቴ በገጠር የልምድ አዋላጅ ነበረች። መጽሐፍ አልተማረችም። ምጥ ሲጸና ወንዶቹ በደጅ ቆመው «ልጁን አደራ» ሲሉ፣ «መጀመሪያ እናቲቱን ላትርፍ፤ እናት ካለች ሌላ ይወለዳል» ትላቸው እንደነበር እናቴ ነግራኛለች። የሚሽናውን ቃል ሳነብ ቶሎ የታወሰችኝ እርሷ ናት። ነገር ግን እናቴ የነገረችኝ ሌላም ነገር አለ፤ ሕፃኑ ያልተረፈ እንደሆነ አያቴ በዚያ ሌሊት እህል አትቀምስም ነበር። ማንም አልከሰሳትም። የሚወቅሳትም አልነበረም። ያደረገችው ትክክል መሆኑን ታውቅ ነበር፤ ሆኖም ታለቅስ ነበር። ትክክል መሆንና ማልቀስ አብረው የሚሄዱ ነገሮች እንደሆኑ፣ አንዱ ሌላውን እንደማይሽረው፣ ከሕግ ትምህርት ቤት በፊት ያስተማረችኝ ይህች የአያቴ ጾም ናት።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በአገራችንም የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ፅንስ ማቋረጥን የሚፈቅደው እናቲቱን ከብርቱ አደጋ ለማዳን ብቻ ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ግን በአንቀጽ 551፣ ፅንሱ በአስገድዶ መድፈር ወይም በዘመዳሞች ግንኙነት የመጣ ሲሆን፣ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ሲኖርበት፣ እንዲሁም እናቲቱ ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ወይም በአካል ወይም በአእምሮ ጉድለት ልጅ ለማሳደግ በማትችልበት ጊዜ አያስቀጣም ይላል። ይህን አንቀጽ አንዳንዶች ያወግዙታል፤ አንዳንዶች ያወድሱታል። ሁለቱም ወገኖች አንቀጹ ሁሉን ነገር የተናገረ አድርገው ይወስዱታል። አንቀጹ የተናገረው ግን ማን እንደማይቀጣ ብቻ ነው። ከመካከላችን አንዲት እኅት እንዲህ ያለ ችግር ላይ በወደቀች ጊዜ እኛ ለእርሷ ምን እንደምንሆን፣ አብሯት ሐኪም ቤት የሚሄድ ማን እንደሆነ፣ ያስጸነሳት ሰው የት እንደገባ፣ ብትወልድ ልጇን ማን እንደሚያሳድግላት፣ ባትወልድ ኀዘኗን ማን እንደሚካፈላት አንቀጹ አልተናገረም። ሊናገርም አይችልም።

ሐላካ ለኔ ያስተማረኝ ይህን ነው። ሕግ የመጨረሻውን መስመር ያሰምራል፤ ከመስመሩ ወዲህ ያለውን ሰፊ መሬት ግን የሚያርሰው ሕሊና ነው። ሕሊናም ብቻውን ቢቀር በዚህ ቀን ለአንዱ፣ በዚያ ቀን ለሌላው ያዳላል፤ ስለዚህ ማስረጃ ስጥ የሚለው ሕግ ያስፈልገዋል። ሕግ ያለ ሕሊና ኢየሩሳሌምን አጠፋ፤ ሕሊና ያለ ሕግ ደግሞ ማንን እንደሚያጠፋ አስቀድሞ አይታወቅም። እንግዲህ ከእኛ መካከል ዳኛ፣ ሐኪም፣ ሕግ አውጪ የሚሆኑ አሉ። አንድ ቀን አንዲት ሴት በፊታቸው ትቆማለች። ያን ጊዜ «ሕጉ ምን ይላል?» ብለው ይጠይቁ፤ ይህ ግዴታቸው ነው። ቀጥለው ግን መጽሐፉን ዘግተው ሳይሆን እንደ ያዙት «ይህች ሴት ምን ትላለች?» ብለው ይጠይቁ።